በትከሻ የተሻገረው መንደር

ቀመሪያ ጓዟን ሸክፋ ነበር የምትኖረው። ከበሩ ኋላ ሁልጊዜ የተቋጠረ አንድ ጥቅል አለ፤ ሁለት ነጠላ፣ የልጇ የዚነት ቀሚስ፣ አንድ ድስት፣ አንድ የመጥረቢያ ራስ። የላፍቶ ሴቶች ሊጠይቋት ሲመጡ ጥቅሉን በእግራቸው ነካ እያደረጉ «ዛሬስ ወዴት ነው መንገዱ?» ይሏታል። አብራቸው ትስቃለች፤ ጥቅሉን ግን አትፈታውም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለውን እሷ የሰማችው ከሰው አፍ አይደለም፤ ደርሶባታል።

ከስምንት ዓመት በፊት፣ ከመካኒሳ ወዲያ በሌላ ባለመሬት ይዞታ ላይ፣ ባሏ ኑሪ ቤት ሠርቶ ነበር። ኑሪ ጉራጌ ነው፣ እጁ እንጨት ያውቃል። ጭቃውን ዐሥራ አምስት ቀን አቡክቶ፣ ከጭድ ለውሶ፣ ግድግዳውን እንደ ገበታ አለስልሶ መረገው። ከጓሮ ሃያ ባሕር ዛፍ ተከለ። ባለመሬቱ ጭቃው እስኪደርቅ በትዕግሥት ጠበቀና «ውጡ» አለ። ምሰሶውም ዛፉም መሬት ውስጥ ገብቷልና የመሬቱ ጌታ ሀብት ነው ተባለ። ቀመሪያ ምን እንደሚል በማታውቀው ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች፤ ዚነትን አዝላ፣ ያን ጥቅል አንጠልጥላ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ልቧ ውስጥ ተቀመጠ፦ የምትሸከመው ያንቺ ነው፤ የተከልሽው የሰው ነው።

አሁን በ1954 ዓ.ም. ክረምት ላፍቶ ከገቡ ስድስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ላፍቶ የቅዳሜ ገበያ አለው። ቅዳሜ ጧት ከፉሪም ከመካኒሳም ሰው ይጎርፋል፤ አህያው፣ ቅቤው፣ እንስራው፣ ጨርቁ ሜዳውን ይሞላዋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ወደመጣበት ይመለሳል። ማደሪያ የለማ! ልብስ ሰፊ መጣ፣ መኪናውን የሚያሳርፍበት ክፍል አጥቶ ሄደ። ድሬሰር መጣ፣ መርፌውን ቀቅሎ የሦስት ሰው ቁስል አጠበና በማግሥቱ ሄደ። ገበያው ቅዳሜ ጧት ይወለዳል፣ ቅዳሜ ማታ ይሞታል።

ከሁሉ የባሰው የአስተማሪዋ ነገር ነበር። የመንደሩ ሰው አዋጥቶ አንዲት ቆርቆሮ ክዳን ክፍል ሲሠራ፣ መንግሥት ወይዘሪት ትሩፋት የምትባል የሃያ ዓመት ልጅ ላከ። የምታድርበት ቢጠፋ ወፍጮ ቤት ውስጥ በጆንያ መካከል ተኛች። ቁንጫው፣ አይጡ፣ የዱቄቱ ብናኝ ተባብረው በሦስት ሳምንት ሳል አስታቅፈው ሸኟት። ዚነት እስከ «ረ» ደርሳ ነበር። እዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲህ ከመሬት ያነሣችውን ወረቀት ሁሉ እየገለጠች «ይቺን አውቃታለሁ፣ ይቺን አላውቃትም» ስትል፣ ቀመሪያ ያች የማታውቃት ምን ይዛ ይሆን እያለች ትፈራለች።

በሐምሌ መጨረሻ ትሩፋት ራሷ ጭቃውን እየረገጠች መጣች።

«መመለስ እፈልጋለሁ፣ እትዬ ቀመሪያ» አለች። «እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አራት ሆነን እንድንመጣ ተመድበናል። ግን እስከ መስከረም ዐሥር ለአራታችን መኖሪያ ካልተገኘ፣ ወንበሩም ሰሌዳውም ተጭኖ ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል ብለዋል።»

«ይሄዳላ» አለች ቀመሪያ። «አውቄዋለሁ እኮ! ቆርቆሮው ሲመታ ነው ያወቅሁት።»

ሽማግሌዎች ወደ ባለመሬቱ ወደ ግራዝማች አስረስ ሄዱ። ግራዝማች አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት፤ ላፍቶን የሚያዩት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ እህል ሲሰበሰብና ወሬ ሲበዛ ነው። ሽማግሌዎቹን ቆመው አስተናገዷቸው።

«አስተማሪ ካደረ ልብስ ሰፊ ያድራል። ልብስ ሰፊ ካደረ ነገረ ፈጅ ያድራል። እኔ ጭሰኛ ነው ያሰፈርኩት፣ ከተማ አልዘራሁም። በመሬቴ ላይ ምሰሶ የተተከለበት፣ ጭቃ የተመረገ አዲስ ቤት ባይ አቃጥለዋለሁ!»

ቃሉን ለመንደሩ ያደረሰው ጭቃ ሹሙ ሮበሌ ነው፤ ግብር የሚሰበስበው፣ የግራዝማችም ዓይንና ጆሮ። ገበያ መሀል ቆሞ ሲለፍፍ አንዷ ቅቤ ነጋዴ «እልል በሉ! ጭቃ ሹሙ ጭቃ ከለከለን!» አለችና ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ቀመሪያ ግን አልሳቀችም። ቃሉን እንደ ቆሎ አንድ በአንድ ታኝከው ነበር። ምሰሶ። ጭቃ። በመሬቴ ላይ።

ቤቷ እንደገባች ባሏን ያዘችው።

«ኑሪ፣ ምሰሶ የሌለው ቤት ትሠራለህ?»

«አንቺስ ራስ የሌለው ልጅ ትወልጃለሽ?»

«ተው አታሹፍ። ጎተራ ምሰሶ አለው?»

ኑሪ ቆጮውን ወደ አፉ እየወሰደ ነበር፣ እጁ እመንገድ ቀረ። «ጎተራ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል።»

«ሰው ከጤፍ ይከብዳል?»

ኑሪ በዓይኑ የጎጆዋን ጣሪያ ከዳር እስከ ዳር ለካት። «ግድግዳውን እንደ ቅርጫት ብጎነጉነው... ጣሪያው ብቻውን... በሃያ ሰው ይነሣል» አለ ለራሱ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ሌላ ጊዜ ‹ተው ያባርሩናል› የምትይው አንቺ ነሽ። ምን ነካሽ?»

«አሁንም ያባርሩናል» አለች። «እኔ መባረሩን አይደለም የጠላሁት። ዚነት እንደ እኔ አውራ ጣቷን እየነከረች መባረሯን ነው።»

ቤቶቹን የት ያኑሯቸው? ከወንዙ ማዶ የአባ ሁንዴሳ መሬት አለ። የአባ ሁንዴሳ አባቶች ያን አገር ያቀኑ ናቸው፤ ሰፊው መሬት ሁሉ ከእጃቸው ሲሄድ ለሽማግሌው የተረፈችው ከፉሪ በኩል ያለችው ድንጋያማ ቁራጭ ብቻ ነበረች። ቀመሪያ ከልጅ ልጃቸው ከገዲሴ ጋር ሄደች። ገዲሴና ዚነት በአንድ ወንበር የተቀመጡ፣ አብረው «ረ» ላይ የቀሩ ልጆች ናቸው።

«እዚህ ማን ምሰሶ ይተክላል፣ ልጄ?» አሉ አባ ሁንዴሳ ዓለቱን በዱላቸው እየቀጠቀጡ። «ደግሞ አንድ ዶማ ሲያርፍ ካየ፣ አስረስ ወሰን ፈረሰ ብሎ ያሳግደኛል። የተጀመረ ቤት በእግድ ይቆማል። እኔ ሞቼ እንኳ ክሱ አያልቅም።»

«ካልተቆፈረስ፣ አባ?»

«እህ?»

«አንድ ዶማ ካላረፈ። ቤቱ አልቆ ከመጣ። ገብተን እሳት ካነደድንበት።»

ሽማግሌው ጥርስ በሌለው ድዳቸው ሳቁ። «ያለቀና ጭስ የወጣበት ቤት ያለ ዳኛ አይነካም። ይሄንን አስረስም ያውቃል።» ሳቃቸው ቆመ። «አምጡት። ብቻ በአንድ ቀን አምጡት። ግማሹ መጥቶ ግማሹ ከቀረ እኔንም አብራችሁ ትቀብሩኛላችሁ።»

ነሐሴን ሙሉ የኑሪ ግቢ ቀርከሃ ሲሰነጠቅ፣ ሣር ሲታጨድ፣ ልጥ ሲራስ ከረመ። አራት ግድግዳ እንደ ትልልቅ ቅርጫት ተጎነጎነ፣ አራት የሣር ጣሪያ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። ሮበሌ በአጥሩ በኩል አንገቱን አስግጎ ከረመ፤ በጳጉሜ መባቻ ግን ገባ።

«ይሄ ሁሉ ጎተራ ለማን ነው?»

ኑሪ ሊዋሽ አፉን ከፈተ። ቀመሪያ ቀደመችው። ውሸት አይሆንላትም፤ ስለዚህ እውነቱን መናገር ይቀላት ነበር።

«ጎተራ አይደለም፣ ቤት ነው» አለች።

«ቤት? ግራዝማች ምን እንዳሉ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ምሰሶ ፈልግ እስቲ። ጭቃ ፈልግ። ካገኘህ እኔው እሳቱን አቀብልሃለሁ።»

ሮበሌ ዞረ፣ ጎነበሰ፣ ግድግዳውን በእግሩ ገፋው። ግድግዳው ገለል አለ። መቼም እንዲህ ያለ ነገር አላጋጠመውም፤ ክልክሉ ሁሉ ተከብሮ ቤቱ ግን ተሠርቷል። «እነግራቸዋለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ንገራቸው። ደግሞ ከማዶ ሲቆም በሩ ወደ ወንዙ እንደሚዞር ንገራቸው።»

እሱ ሲወጣ ቤት ገብታ ከጥቅሉ ላይ ቁጭ አለች። «ቅዳሜ ይመጣሉ» አለች። «በቅሎ ጭነው፣ ሰው አስከትለው ነው የሚመጡት። ወንዙም ይሞላል። ጣሪያው ይሰበራል። አንተም ትሰጥማለህ።»

«ሌላስ የቀረ አለ?» አለ ኑሪ።

«ልጅቷ ደግሞ ብርድ ይመታታል።»

«እንግዲያው ቅዳሜ እናሻግረዋለን» አለ፤ ሁለቱም ቅዳሜ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቁ ነበር። በዚያ አገር ጣሪያ ሲነሣ ያየ መንገደኛ ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም። ጠላትም ቢሆን፣ ቸኩሎም ቢሆን ዕቃውን አስቀምጦ ይገባል። ቅዳሜ ደግሞ መንገዱ ሁሉ ትከሻ ነው።

ቅዳሜ ጳጉሜ ሦስት ገበያተኛው ወደ ሜዳው ሲደርስ ግድግዳዎቹ ተሻግረው አልቀው ነበር። ቀላል ናቸው፤ ስምንት ስምንት ሰው አንሥቷቸው ዓለቱ ላይ አስቀመጣቸው፣ ሥራቸውም በድንጋይ ተከበበ። ከዚያ የመጀመሪያው ጣሪያ ተነሣ። «ሆ በል!» «ሆ!» እንስራ የያዘው እንስራውን፣ በግ የሚጎትተው በጉን ለሚስቱ እየሰጠ ገባ። ጣሪያው ከታች ሃያ ጥንድ እግር አብቅሎ እንደ ትልቅ ዔሊ ወደ ወንዙ ወረደ። ውኃው ከጉልበት በላይ ነው፣ ደፍርሷል፣ ከላይ ከፉሪ በኩልም ሰማዩ ጠቁሯል። ተሻገረ። ሁለተኛውም ተሻገረ። ሮበሌ ራሱ፣ ነገሩን ሊያይ ዳር ቆሞ፣ ሁለተኛው በአጠገቡ ሲያልፍ ሳያስበው ትከሻውን ሰጥቶ ማዶ ሲደርስ ነው የነቃው። ሴቶቹ «አበጀህ ጭቃ ሹም!» ሲሉት አንገቱን ደፋ።

ሦስተኛው ወንዙ መሀል ሲደርስ ግራዝማች አስረስ መጡ። ከማዶ በኩል በቅሏቸውን በቀጥታ ውኃው ውስጥ ነድተው ከተሸካሚዎቹ ፊት አቆሟት።

«አውርዱ!» አሉ።

ከፊት የያዘው ኑሪ ነበር። «የት ላይ ጌታዬ? ውኃው ላይ?»

ሰው ሳቀ። የግራዝማች ፊት ቀላ። ኑሪ አንድ እርምጃ ወደፊት ሲል እጃቸውን ዘርግተው ጮኹ፦

«በንጉሥ አምላክ! እንዳትንቀሳቀሱ!»

ሳቁ እንደ ፋኖስ ጠፋ። በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው አይንቀሳቀስም፤ ዳኛ ፊት እስኪቀርብ ባለበት ይቆማል። ሃያው ሰው ጣሪያውን እንደተሸከመ ውኃው ውስጥ ደርቆ ቀረ። ከላይ ዝናቡ ጀምሯል፤ ውኃው የኑሪን ጭን ሲልስ ቀመሪያ ከዳር ታያለች። በልቧ ቀብራው ጨርሳለች፣ መጋዙን ለማን እንደምትሰጥ ሁሉ አስባለች። እግሯ ወደ ቤት፣ ወደዚያ ጥቅል ሊሮጥ ተነሣ። ስምንት ዓመት የተለማመደው ይህንኑ ነው።

አልሮጠም። ቀመሪያ ቀሚሷን ሰብስባ ውኃው ውስጥ ገባች፤ ከባሏ ጎን ደርሳ ትከሻዋን ከጣሪያው ሥር አስገባች። ከዚያ ቀና አለች።

«ቆመናል፣ ጌታዬ። እርስዎም ይቁሙ።»

«ምን አልሽ አንቺ?»

«በንጉሥ ስም ያቆመ ሰው አብሮ ይቆማል። በቅሎ ላይ ተቀምጦ በንጉሥ ስም ሰው ማቆም ከመቼ ወዲህ ነው? ይውረዱ!»

ከዳሩ ጉርምርምታ ተነሣ። «ልክ ናት!» «ወርደው ይቁሙ!» «ንጉሥ ተጠርቶ ኮርቻ ላይ?» ግራዝማች ወዲያ ወዲህ አዩ። አዲስ አበባ በጠበቃ መሟገት ከለመዱ ወዲህ የገጠሩ ሥርዓት ተረስቷቸው ነበር፤ ከአፋቸው ከወጣ ግን ወጣ፣ አፍርሰው ቢሄዱ ንጉሥ የናቁ ይባላሉ። ወረዱ። ውኃው ከነቦት ጫማቸው እስከ ጉልበታቸው ዋጣቸው፤ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ዳኛ ይጠራ» አለች ቀመሪያ፣ ጥርሷ በብርድ እየተንገጫገጨ።

ሥርዓቱ መንገደኛ ነው የሚለው፤ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ፣ መጀመሪያ የመጣ። የመጣው ዱጉማ የሚባል ጨው የጫነ አህያ ነጂ ነበር። ጨዉ በዝናብ እንዳይሟሟ ሲጣደፍ ያዙት። እየተነጫነጨ የሁለቱንም ቃል ሰማ፤ አህያዎቹን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ውኃው ውስጥ የቆመውን ጣሪያና ባርኔጣቸውን የያዙትን ጌታ አየ።

«እነዚህ ሰዎች መሬትዎ ላይ ምሰሶ ተክለዋል?» ሲል ግራዝማችን ጠየቀ።

«አልተከሉም፤ ግን...»

«ጭቃ መርገዋል?»

«አልመረጉም፤ ነገር ግን ይሄ ቤት...»

«ቤት የት አለ?» አለ ዱጉማ። «በትከሻ ላይ ያለ ነገር ዕቃ ነው፤ እንደ እኔ ጨው። በገበያ ቀን ደግሞ ዕቃ አይታገድም፤ የእነሱ ከታገደ የኔም ይታገዳል። መሬት ሲነካ ቤት ይሆናል። ያን ጊዜ የነካው መሬት የማን እንደሆነ ተሟገቱ። እኔ ፈርጃለሁ፤ ጨዌ እየረጠበ ነው፣ ልለፍ!»

ጩኸቱ ወንዙን አናወጠው። «ሆ በል!» ጣሪያው ተነቃነቀ፣ ከግራዝማች ትከሻ በስንዝር ርቀት አለፈ።

«እከሳችኋለሁ!» ሲሉ ጮኹ ከኋላ። «ከዚያ ድንጋይ ላይ በፍርድ ቤት አስወጣሻለሁ!»

ቀመሪያ ከጣሪያው ሥር ሳትዞር መለሰችላቸው። «ይክሰሱ! መጥሪያውን ብቻ በትልቁ ያስጽፉት፤ ልጄ ናት የምታነብልኝ!»

አራተኛው ጣሪያ ግን አልደረሰም። ደስታ ያሰከረው ተሸካሚ ሲሮጥ አንዱ አዳልጦት ወደቀ፤ ጣሪያው ተንጋድዶ ድንጋይ መታና ተሰነጠቀ፣ ውኃው ሣሩን ይዞት ወደ አቃቂ ወረደ። ቀመሪያ ቆማ አየችው። «ብዬ ነበር» አለች፤ እንደዚያ ቀን ግን ትክክል በመሆኗ ተናድዳ አታውቅም። የአባ ሁንዴሳ ቤተሰብ ወዲያው በሦስቱ ቤት ውስጥ እሳት አነደደ፤ በዝናቡ መሀል ሦስት ጭስ ሽቅብ ወጣ።

መስከረም ስምንት አራቱ አስተማሪዎች መጡ። ሦስቱ ማዶ ገቡ። ትሩፋት ቤት ስላልደረሳት ቀመሪያ ቤት ገባች፤ አልጋዋ የሚያርፍበት ቦታ ከበሩ ኋላ ብቻ ነበርና ጥቅሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቦታው ተነሣ። ቀመሪያ አልፈታችውም፤ ቆጥ ላይ አወጣችው።

ከዚያ በኋላ ሰው ይመጣ ጀመር። ልብስ ሰፊው መኪናውን በአህያ ጭኖ ተመለሰ። ድሬሰሩም መርፌውን ይዞ መጣ። ለሁሉም ኑሪ ይጎነጉናል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ያሻግራል። ገበያው ቅዳሜ ማታ መሞቱን ተወ፤ እሑድ ዳቦ የሚገዛ፣ ማክሰኞ ሱሪ የሚያስጠብብ ተገኘ። አንድ ቀን ጧት ሮበሌ አጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «እታለም ቀመሪያ...» አለ። «ልጄን ልድረው ነው። እንዲያው... ማዶ... አንድ ክፍል...»

«ምሰሶ ያለው ነው የሌለው?» አለችው።

በጥር ወር መጥሪያው መጣ። የፈሩት ይደርሳል። አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ነው፣ ከሥሩ ቀይ ማኅተም አለው። ቀመሪያ ከማዶ፣ ከአምስተኛው ቤት አጠገብ፣ ጭቃ ውስጥ ቆማ ነበር፤ በአባ ሁንዴሳ መሬት ላይ ጭቃ የሚከለክል የለምና ግድግዳዎቹን ለመምረግ ኑሪ ጭድና አፈር ሲያቦካ ከርሟል። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ወረቀቱን ግን አልነካችውም።

«ዚነት!»

ልጅቷ ከገዲሴ ጋር እየሮጠች መጣች። ወረቀቱን ዘቅዝቃ ያዘችው፣ አቃናችው። ጣቷን ከመስመሩ ሥር አሳረፈች።

«ተ...ከ...ሳ...ሽ። ተከሳሽ። ቀ...መ...ሪ...ያ።» ቀና ብላ እናቷን አየች። «እማ! አንቺ ነሽ! እዚህ ውስጥ አለሽ!»

ቀመሪያ ዕድሜዋን ሙሉ ወረቀት ስትፈራ፣ ስሟ በውስጡ ምን እንደሚመስል አይታ አታውቅም ነበር።

«የቱ ጋ ነኝ?»

ዚነት አሳየቻት። አራት ፊደል። ቀመሪያ አጎንብሳ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ቀጠሮው መቼ ነው ይላል?»

«የ...ካ...ቲት። የካቲት ሃያ።»

ወር ከሳምንት አለ። ቀመሪያ ቀና አለች፤ ሦስቱን ቤቶች፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን፣ ከወዲያ ደግሞ የቆርቆሮዋን ክፍል አየች። ምናልባት ይፈረድባት ይሆናል። ሳይፈረድባት አይቀርም።

«ኑሪ!» አለች። «ጭቃው ቦክቷል?»

«ቦክቷል።»

«እንግዲያው ምረገው። ወፍራም አድርገህ ምረገው!»